«ከ16 ሰዓት በላይ አትሥሪ»፦ ስለ ብሪታንያ የኑሮ ልዩነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ብሪታንያ ድህነትና ሀብት ሲወራ ሁለት ወሬ ይበዛል። አንዱ «መንግሥት ቀለብ የሚሰፍርባት አገር» ይላታል፤ ሌላው «ሀብታም ድሃውን ውጦ የጨረሰባት» ይላታል። ዝርዝሩ ሲታይ ሁለቱም አያስኬዱም። ልዩነቱ በአብዛኛው የተቀበረው ማንም በማያነባቸው ትንንሽ ደንቦች ውስጥ ነው፦ የቤት ግምት በየትኛው ዓመት ተሠራ? የመጀመሪያው ክፍያ ስንት ቀን ይዘገያል? ከተጨማሪ ደሞዝ ስንት ፔንስ ይቆረጣል? ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የገንዘቡ መጠንም ሌላ ካልተባለ የ2025/26 በጀት ዓመት ነው።

«ከ16 ሰዓት በላይ ከሠራሽ ቤኔፊትሽ ይቋረጣል»

ብሪታንያ ባለው በእኛ ሰው መካከል ስለ ቤኔፊት፣ ማለትም ስለ መንግሥት ድጎማ፣ በብዛት የሚሰጠው ምክር ይሄ ነው፤ ጊዜው ግን አልፎበታል። የ16 ሰዓት ደንብ የድሮዎቹ ድጎማዎች ነበር። ኢንካም ሰፖርት 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራን ሰው አይቀበልም ነበር፤ ታክስ ክሬዲት ደግሞ በተቃራኒው ከብዙዎች ቢያንስ 16 ሰዓት ሥራ ይጠይቅ ነበር። ከ2013 ጀምሮ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው ወርኃዊ ድጎማ ቀስ በቀስ ተካቸው፤ ታክስ ክሬዲት በኤፕሪል 2025 ጭራሽ ተዘጋ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሰዓት ጣሪያ የለውም። የሚያየው በወሩ የገባውን የተጣራ ደሞዝ ነው።

አሠራሩን በአንዲት የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ እንየው። ልጅ አላት፤ ለቤት ኪራይዋም ድጋፍ ታገኛለች። በወር እስከ 411 ፓውንድ ብትሠራ ከድጎማዋ ምንም አይነካም። ከዚያ በላይ ባለው እያንዳንዱ ፓውንድ 55 ፔንስ ይቀነሳል። ዓመታዊ ደሞዟ ከ12,570 ፓውንድ ካለፈ ደግሞ ግብርም ይደረብበታል። አንድ ተጨማሪ ሰዓት በዝቅተኛው ሕጋዊ ደሞዝ 12.21 ፓውንድ ነው። 20 በመቶ የገቢ ግብርና 8 በመቶ ናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ሲወጣ 8.79 ይቀራል። ከዚህ ላይ 4.83 ፓውንድ ከድጎማዋ ይነሳና እጇ የሚገባው 3.96 ይሆናል። ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ሠርታ 7.92 አገኘች እንበል። የለንደን አውቶቡስ ደርሶ መልስ 3.50 ነው። ለሁለት ሰዓት ሥራና ለመንገዱ የቀራት 4.42 ፓውንድ ብቻ ነው።

በዓመት ከ125,140 ፓውንድ በላይ የሚያገኘው ያ ቢሮውን የምታጸዳለት ሰው ከተጨማሪዋ ፓውንድ የሚያጣው 47 ፔንስ ነው። እሷ ወደ 68 ፔንስ ታጣለች። ስለዚህ «ተጨማሪ ሥራ ያከስራል» ማለት ስህተት ነው፤ «ብዙም አያተርፍም» ማለት ግን እውነት ነው።

ብዙዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር ልጨምር። ደሞዝ በየአራት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት 13 ጊዜ ይከፈለዋል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ግን የሚሰላው በወር ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ደሞዝ በአንድ የሂሳብ ወር ውስጥ ይወድቃል፤ ያን ወር ድጎማው ክፉኛ ይቀንሳል ወይም ዜሮ ይሆናል። መፍትሔው ወሩን አስቀድሞ ቆጥሮ ማወቅና ከሁለተኛው ደሞዝ ለኪራይ ማስቀረት ነው። ዜሮ ከመጣ ማመልከቻው ሊዘጋ ይችላልና በኦንላይን አካውንቱ ገብቶ በጊዜ እንደገና ማስከፈት ያስፈልጋል። «ቆረጡብኝ» ብሎ ቁጭ ያለ ሰው የቀጣዩንም ወር ያጣል።

«ብዙ ልጅ የወለደ በቤኔፊት ይከብራል»

ከኤፕሪል 6 ቀን 2017 ወዲህ ለተወለደ ሦስተኛ ልጅ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የልጅ ተጨማሪ አይታሰብም ነበር። በኖቬምበር 2025 የወጣው በጀት ይህን ክልከላ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ እንዲነሳ ወሰነ። የድጎማ ጣሪያው ግን አለ። በለንደን ለቤተሰብ በዓመት 25,323 ፓውንድ፣ ከለንደን ውጭ 22,020 ነው፤ የቤት ኪራይ ድጋፉ በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ኪራይ በሚያቃጥልበት ከተማ ጣሪያው የሚነካው ቶሎ ነው፤ የሚቀነሰውም ከምግብ ገንዘቡ ላይ ይሆናል።

ከጣሪያው ለመውጣት ዋናው መንገድ በወር 846 ፓውንድና ከዚያ በላይ በሥራ ማግኘት ነው። በዝቅተኛው ደሞዝ ሲመታ በሳምንት 16 ሰዓት ማለት ነው። ያ የድሮ ቁጥር ዛሬ ለብዙዎች የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ እንግዲህ ምክሩ መሆን የነበረበት «ከ16 ሰዓት በታች አትሥሪ» ነበር።

«ድጎማ የሚበላው ሥራ የጠላ ነው»

ዩኒቨርሳል ክሬዲት ከሚያገኙት አንድ ሦስተኛው ገደማ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ድሃ ከሚባሉት ሕፃናት ከአስሩ ሰባቱ የሚኖሩት ቢያንስ አንድ ወላጅ በሚሠራበት ቤት ነው። («ድሃ» የሚባለው ገቢው ከአገሪቱ መካከለኛ ቤተሰብ ገቢ ከ60 በመቶ በታች የሆነ ነው።) የማኅበራዊ ድጋፉ በጀት ትልቁ ድርሻ የሚሄደውም ወደ ጡረተኞች ነው።

እንዲያውም መነጋገሪያ መሆን ያለበት የማይወሰደው ገንዘብ ነበር። ፔንሽን ክሬዲት (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ጡረተኞች የሚሰጥ ድጎማ) ከሚገባቸው አረጋውያን አንድ ሦስተኛው ገደማ አያመለክቱም። የነጠላ ሰው ገቢ በሳምንት ከ227.10 ፓውንድ በታች ከሆነ መሞከር ይገባዋል። ጥቂት ፓውንድ ብቻ ቢፈቀድለት እንኳ የካውንስል ታክስ (ካውንስል የሚባለው የአካባቢ አስተዳደር በቤት ላይ የሚያስከፍለው ግብር) ቅናሽ፣ ዕድሜው 75 ለሞላም ነፃ የቲቪ ፈቃድ ተያይዞ ይመጣል። ወደ ኋላ የሚከፈለው የሦስት ወር ብቻ ስለሆነ መዘግየት ያስቀጣል።

«የካውንስል ቤት ለስደተኛ በቅድሚያ ይሰጣል»

ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው የካውንስል ቤት ወረፋ ውስጥ አይገባም። የሚያድረው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ሆም ኦፊስ በኮንትራት በያዘው ቤት ወይም ሆቴል ነው፤ ከተማውንም አይመርጥም። ራሱ ለሚያበስል በሳምንት 49.18 ፓውንድ፣ ምግብ በሚቀርብበት ሆቴል 9.95 ፓውንድ ይሰጠዋል። ጉዳዩ 12 ወር ካልሞላው የሥራ ፈቃድ መጠየቅ አይችልም። በእንግሊዝ አዲስ የማኅበራዊ ቤት ከሚከራዩት ከአስሩ ዘጠኙ ገደማ የብሪታንያ ዜጎች ናቸው።

ታዲያ ቤቱ የት ገባ? ተሸጠ። በ1980 የወጣው የቤቶች ሕግ ለካውንስል ተከራይ ቤቱን በከፍተኛ ቅናሽ የመግዛት መብት ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ ብቻ ወደ 2 ሚሊዮን ቤት ተሽጧል። የተሠራው ምትክ የተሸጠውን አያህልም። የገዛው ሰው ኑሮው ተሻሽሏል፤ ያ አይካድም። ከእሱ በኋላ የመጣው ግን ያንኑ ቤት ዛሬ ከግል አከራይ በእጥፍ ዋጋ ይከራያል፤ ልዩነቱንም ብዙ ጊዜ መንግሥት በድጎማ ይሞላል። ወረፋው ላይ ወደ 1.3 ሚሊዮን ቤተሰብ አለ፤ ከ120,000 በላይ ቤተሰቦችም በጊዜያዊ ማረፊያ ይኖራሉ።

ጥገኝነቱ ተፈቅዶ ወረቀት የተሰጠው ሰው ደግሞ የባሰው ቀን የሚገጥመው ከደስታው ማግስት ነው። ነጠላ አዋቂ ከሆም ኦፊስ ቤት እንዲወጣ የሚሰጠው 28 ቀን ነው፤ በ2024 መጨረሻ ለሙከራ 56 ተደርጎ ነበር፣ ለነጠላዎች ግን በ2025 ተመለሰ። የዩኒቨርሳል ክሬዲት የመጀመሪያ ክፍያ የሚደርሰው ካመለከቱ ከአምስት ሳምንት፣ ማለትም ከ35 ቀን በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ያመለከተ ሰው እንኳ አንድ ሳምንት ሜዳ ላይ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ውሳኔው በደረሰበት ቀን ዩኒቨርሳል ክሬዲት ማመልከትና ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ፤ ይህ ክፍያ ብድር ነው፣ እስከ 24 ወር ድረስ በየወሩ ይቀነሳል። በዚያው ሳምንት ለካውንስሉ «ቤት አልባ ልሆን ነው» ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ፤ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ሕግ በ56 ቀን ውስጥ ቤት ለሚያጣ ሰው ካውንስሉ ዕቅድ እንዲያወጣለት ያስገድዳል። የትኛው ካውንስል? ሆም ኦፊስ መጨረሻ ያስቀመጠው ከተማ። ለንደን ዘመድ አለኝ ብሎ ሻንጣውን ይዞ የመጣ ሰው ወደዚያው ከተማ ሊመለስ ይችላል። ጤነኛና ልጅ የሌለው ነጠላ ሰው ዕቅድ እንጂ ቤት እንደማያገኝ፣ ከ35 ዓመት በታች ከሆነም የኪራይ ድጋፉ በአብዛኛው በጋራ ቤት ውስጥ ላለ አንድ ክፍል ብቻ እንደሚሰላ ማወቅ አለበት።

«ድህነት የሰሜኑ ነው፤ ለንደን ሀብታም ናት»

ሰሜኑ ተጎድቷል፤ ብላክፑል የወንዶች ዕድሜ በእንግሊዝ እጅግ አጭር ከሆነባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ነገር ግን የኪራይ ወጪ ሲቀነስ የሚታየው ካርታ ሌላ ነው። የካነሪ ዋርፍ ባንኮች የቆሙበት የለንደኑ ታወር ሃምሌትስ የሕፃናት ድህነት ከአገሪቱ ከፍተኛ ከሆነባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

ሰኔ ላይ የለንደኑን የግሬንፌል መኖሪያ ሕንፃ የሚያስብ ሰው ይህን ለማመን ቁጥር አያስፈልገውም። ጁን 14 ቀን 2017 ሕንፃው ሲቃጠል 72 ሰው ሞተ፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩበት። ሕንፃው ያለው ከአገሪቱ ሀብታም ሰፈሮች አንዱ በሆነው በኬንሲንግተንና ቼልሲ ነው። እሳቱን ያዛመተው በእድሳት ጊዜ ከውጭ የተለበጠበት ተቀጣጣይ ሽፋን ነው። በሴፕቴምበር 2024 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ሞቱ ሁሉ ሊወገድ ይችል እንደነበር ተናግሯል።

«ትልቅ ቤት ያለው ትልቅ የካውንስል ታክስ ይከፍላል»

በእንግሊዝ ለዚህ ግብር የቤቶች ግምት የተሠራው በኤፕሪል 1 ቀን 1991 ዋጋ ነው። በ2020 የተገነባ ቤት እንኳ «በ1991 ስንት ያወጣ ነበር?» ተብሎ ይገመታል። ከ320,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ሁሉ ባንድ ኤች በሚባለው የመጨረሻ የግብር እርከን ውስጥ ይታጨቃል፤ ከ40,000 የማይበልጠው ባንድ ኤ ነው። የኤች ክፍያ የኤ ሦስት እጥፍ ብቻ ነው፤ ዋጋው ሃምሳ እጥፍ ቢሆንም። በዚያ ላይ መጠኑን የሚወስነው ካውንስሉ ስለሆነ፣ የዌስትሚኒስተር ባንድ ኤች ቪላ በድሃዋ ሃርትልፑል ካለው መካከለኛ የባንድ ዲ ቤት ያነሰ ይከፍላል። የትኛውም መንግሥት አዲስ ግምት የማይደፍረው ሂሳቡ የሚጨምርባቸው ሰዎች ስለሚጮኹ ነው። በ2025ቱ በጀት የተወሰነው ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆኑ ቤቶች ላይ ከ2028 ጀምሮ ተጨማሪ እንዲጣል ብቻ ነው።

ብቻውን የሚኖር አዋቂ 25 በመቶ ይቀነስለታል፤ ካልጠየቀ ግን ማንም አይቀንስለትም። ጎረቤት ያለ ተመሳሳይ ቤት ዝቅ ባለ ባንድ ከሆነ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሲመረመር ባንዱ ከፍ ሊልም ይችላል።

«ልዩነቱ በየዓመቱ እየሰፋ ነው»

የገቢ ልዩነት በኃይል የሰፋው በ1980ዎቹ ነው፤ ጂኒ የሚባለው መለኪያ ከ0.25 ገደማ ወደ 0.34 ወጣ። ከ1990 ወዲህ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው በሀብት ነው፦ ከ2018 እስከ 2020 በተሠራው ልኬት አሥር በመቶዎቹ ባለጸጎች ከቤተሰብ ሀብት 43 በመቶውን ሲይዙ የታችኛው ግማሽ 9 በመቶ ነበረው። ደሞዝ እኩል ሆኖ አንዱ ከወላጁ ቤት ሲወርስ ሌላው ኪራይ ሲከፍል ይኖራል።

«የእንግሊዝ ሕግ አንድ ነው»

አገሩን ሁሉ «እንግሊዝ» ብለን መጥራታችን ራሱ ያሳስታል። የሐኪም ማዘዣ መድኃኒት በእንግሊዝ 9.90 ፓውንድ ነው፤ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ነፃ። የስኮትላንድ መንግሥት ድጎማ ላይ ላለ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ከ16 ዓመት በታች ልጅ በሳምንት 27.15 ፓውንድ ይጨምራል፤ እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍያ የለም። ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝ በዓመት እስከ 9,535 ፓውንድ ነው፤ የስኮትላንድ ነዋሪ እዚያው ቢማር አይከፍልም። ከግላስጎ ወዳጅ የተላከ ምክር በርሚንግሃም ላይ ላይሠራ ስለሚችል፣ ምክር የሚጠይቅ ሰው ከሁሉ በፊት ፖስት ኮዱን ይናገር።