ልጆቻችንን «እርሱት» አንበላቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥቅምት 2014 ደሴ በሰሜኑ ጦርነት ስትጨነቅ ወርኃ ጽጌ ላይ ነበርን። ከወልድያና ከቆቦ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ትምህርት ቤቶቹን ሞልተዋቸው ሳለ የከባድ መሣሪያው ድምፅ እየቀረበ መጣ፤ እኛም በተራችን በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፣ የቻለም እስከ ደብረ ብርሃን ዘለቀ። ሕፃን ያዘለች፣ ሽማግሌ የደገፈ፣ ፍራሽ የተሸከመ። ቤተ ክርስቲያን በዚያው ሰሞን እመቤታችን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደዷን እያሰበች እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ ያለው ስንቱ ነው? እኔን አላለኝም።

ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ልጆቹ ነው። ከተመለስን በኋላ የሰፈራችን ልጆች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ፣ ገመድ ወጥረው «ኬላ» ይጫወቱ ነበር። አንዱ ዱላ ይዞ «መታወቂያ!» ይላል፣ ሌላው እጁን ወደ ላይ ያነሣል። በሠርግ ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር የሚገባ አለ። እናቱ ገበያ ልትወጣ ስትነሣ ቀሚሷን አልለቅም የሚል አለ። እኛም ወላጆች፣ ለደጉ ብለን፣ «በቃ አልፏል፣ እርሳው» እንላለን።

አያቴ በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ ልጅ ነበረች። እስክታርፍ ድረስ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የልጅ ልጆቿን ከደጅ ትሰበስብ ነበር። «ምን አይተሽ ነው?» ብለን አንድም ቀን አልጠየቅናትም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ አታደርግም። የአንድን ሕፃን ስደት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ታስባለች፤ ሌሊቱን በማኅሌት ታነጋለች። ሄሮድስ ሞቷል፤ ሕፃኑም ከ3 ዓመት ከ6 ወር በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። እንደ እኛ አባባል «አልፏል»። እርሷ ግን ረሃቡን፣ ጥሙን፣ የበረሃውን ትኩሳት በየዓመቱ ታነሣዋለች። ሄሮድስን በቃሉ ማጥፋት ሲችል በእናቱ ጀርባ መሰደድን የመረጠ ጌታ የሕፃንን ፍርሃት አይንቅም።

ለእናቶች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። «በድንጋጤ እጁን ለቀቅሁት» እያላችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱ አላችሁ። 2ኛ ሳሙኤል 4፥4ን አንብቡ። የንጉሥ ሳኦል የልጅ ልጅ፣ የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ገና የ5 ዓመት ልጅ ሳለ የጦርነቱ መርዶ መጣ፤ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀ፣ ሽባም ሆነ። መጽሐፉ ሞግዚቷን በአንዲት ቃል እንኳ አይወቅሳትም። የሮጠችው ልታተርፈው ነው፤ አትርፋዋለችም። ከዓመታት በኋላ ዳዊት ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው አለ ወይ ብሎ አፈላልጎ አስመጣው፤ በሁለት እግሩ ሽባ እንደሆነ ከንጉሥ ማዕድ ይበላ ነበር። ልብ በሉ፣ የዳዊት ቸርነት የጀመረው በመጠየቅ ነው።

በ2015 ወርኃ ጽጌ በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ስደቱ ሳስተምር አንዲት የ8 ዓመት ልጅ እጇን አወጣች።

«እመቤታችን ውኃ ይዛ ነበር?» አለችኝ።

እንደተጠሙ ነገርኋት።

«እኛም ሐረጎ ላይ አልያዝንም ነበር» አለች።

ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ቀጠለ፣ ከእርሱም ሌላው። ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትሁት፤ እስኪመሽ ድረስ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።