የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ከስልኮች ላይ መነሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የ3.5 ሚሊ ሜትሩ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ከስማርት ስልኮች ላይ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ስለ ጉዳዩ የሚነገረው ነገር ሁለት ጫፍ ይዟል። የአምራቾቹን ማብራሪያ እንዳለ የተቀበሉ ሰዎች መሰኪያው ጊዜው ያለፈበትና መቅረቱ ግድ የነበረ ነው ይላሉ፤ በተቃራኒው የቆሙት ደግሞ ገመድ አልባውን ማዳመጫ ድምፅ በማበላሸትና ጤና በመጉዳት ይከሱታል። ሁለቱም ወገኖች ከሚያነሷቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ሲመረመሩ አይጸኑም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መሰኪያውን መጀመሪያ ያስቀረው አፕል ነው» የሚለው አባባል በሰፊው የሚታመን ቢሆንም ትክክል አይደለም። አፕል አይፎን 7ን ያስተዋወቀው ሴፕቴምበር 7 ቀን 2016 ሲሆን፣ የቻይናው ኦፖ በ2014 ያወጣው አር5 የተባለ ስልክ ግን ከዚያ በፊት መሰኪያው አልነበረውም፤ በዚያው በ2016ም የሌኢኮ ስልኮችና የሞቶሮላው ሞቶ ዚ አፕልን ቀድመውታል። አፕል ያደረገው እጅግ በብዛት በሚሸጥ ስልክ ላይ እርምጃውን በመውሰድ ለሌሎቹ መንገድ መጥረግ ነው። የኩባንያው የገበያ ኃላፊ ፊል ሺለር ውሳኔውን በመድረክ ላይ «ድፍረት» ብለው መጥራታቸው ለብዙ ጊዜ መሳለቂያ ሆኖ ነበር፤ ከተሳለቁት መካከል ግን ተፎካካሪዎቹ ብዙም አልቆዩም። ጎግል በ2016 የፒክስል ስልኩ መሰኪያ እንዳለው በማስታወቂያ ከተኩራራ ከአንድ ዓመት በኋላ ፒክስል 2ን ያለ መሰኪያ አወጣ፤ ሳምሰንግም በ2018 ባለ ገመድ ማዳመጫን በቻርጀሩ ቀዳዳ በኩል ለመሰካት በሚያስችለው የአፕል አዳፕተር (ማገናኛ) ላይ ካላገጠ በኋላ በኦገስት 2019 በጋላክሲ ኖት 10 ያንኑ አደረገ።

«ስልክ እንዲቀጥን መሰኪያው መነሳት ነበረበት» የሚለው ምክንያት ከሁሉም የበለጠ የሚደጋገም ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። አይፎን 7 ውፍረቱ 7.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ መሰኪያ የነበረው የቀደመው አይፎን 6ኤስም ውፍረቱ ያው 7.1 ሚሊ ሜትር ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው በ2014 መጨረሻ የተፎካከሩት ሁለት ስልኮች ጉዳይ ነው። የኦፖ አር5 መሰኪያውን አስቀርቶ 4.85 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የቪቮ ኤክስ5 ማክስ መሰኪያውን እንደያዘ 4.75 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ማለትም መሰኪያ ያለው ከሌለው ቀጥኖ ተገኘ። እውነተኛው ጥያቄ የውፍረት ሳይሆን የጥልቀት ነው። የማዳመጫው ጫፍ ወደ ስልኩ ውስጥ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ዘልቆ ይገባል፤ የሚገባበትም ቦታ ድምፅ ማጉያው፣ የንዝረት ሞተሩና የስክሪኑ መገጣጠሚያዎች የሚሻሙበት የስልኩ ጠርዝ ነው። አፕል በተገኘው ቦታ ተለቅ ያለ የንዝረት ሞተር የገጠመ ሲሆን፣ የባትሪው አቅምም ከ1715 ወደ 1960 ሚሊ አምፔር ሰዓት አድጓል። ስለዚህ የቦታ ጥያቄ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ጉዳዩ ለየትኛው ክፍል ቅድሚያ ይሰጥ የሚል ምርጫ እንጂ ቴክኖሎጂው ያስገደደው ነገር አልነበረም።

«ስልክ ውሃ እንዳያስገባ መሰኪያው መነሳት ነበረበት» የሚለው ምክንያት ከዚህም የሳሳ ነው። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ7 በ2016 መሰኪያውን እንደያዘ እስከ 1.5 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ተደርጎ ተሠርቷል። የመሰኪያው ውስጠኛ ክፍል እንደ ዝግ ኩባያ ተሠርቶ ዙሪያውን በላስቲክ ከታሸገ ውሃ አያሳልፍም። አንድ ቀዳዳ ሲቀንስ የማሸጉ ሥራ መቅለሉ ግን አይካድም።

የድምፅ ጥራት ክርክር ሁለቱንም ወገን የሚያሳስት ነው። በብሉቱዝ የሚሄድ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ ተጨምቆ ነው የሚላከው፤ ኤስቢሲ የተባለው መሠረታዊ የመጭመቂያ ዘዴ በተለመደው ከፍተኛ አሠራሩ በሰከንድ 328 ኪሎቢት ያህል ሲያስተላልፍ፣ የሶኒው ኤልዳክ እስከ 990 ይደርሳል፤ ያልተጨመቀ የሲዲ ድምፅ ግን 1411 ኪሎቢት ይፈልጋል። ይሁንና ከኢንተርኔት የምንሰማው ሙዚቃ ራሱ አብዛኛው ቀድሞ የተጨመቀ በመሆኑ፣ በመንገድ ወይም በመኪና ጫጫታ መካከል ልዩነቱን ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ጥቂት ነው። በግልጽ የሚሰማው ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። በብዙ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ሙዚቃ እየሰሙ ሳለ የማዳመጫው ማይክ ሲከፈት፣ ሙሉ የነበረው ድምፅ ድንገት ጠቦ እንደ አሮጌ የስልክ መስመር ይታፈናል፤ ምክንያቱም የተለመደው ብሉቱዝ ድምፅ መቀበልንና መላክን በአንድ ጊዜ ሲሠራ ጥራቱ ወደወረደ ሌላ አሠራር ስለሚዞር ነው። ድምፁ የሚዘገይበት ጊዜም አለ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ነው። ፊልም ሲታይ መተግበሪያው ምስሉን አዘግይቶ ስለሚያስተካክለው አይታወቅም፤ ጌም በሚጫወት ወይም በስልኩ የሙዚቃ መሣሪያ በሚለማመድ ሰው ላይ ግን ጎልቶ ይታያል።

«ማንኛውም የሲ ዓይነት (ዩኤስቢ-ሲ) አዳፕተር ይሠራል» ብለው ገዝተው የተበሳጩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሁለት አዳፕተሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ በመልክ ላይለያዩ ይችላሉ፤ በአንደኛው ውስጥ ያለው ግን ሽቦ ብቻ ሲሆን፣ በሌላኛው ውስጥ ዲጂታሉን ምልክት ጆሮ ወደሚሰማው አናሎግ የሚቀይር ትንሽ ቺፕ አለ። ባለ ሽቦው የሚሠራው ስልኩ ራሱ አናሎግ ድምፅን በቻርጀሩ ቀዳዳ በኩል የሚያወጣ ከሆነ ብቻ ነው፤ ይህን የማያደርጉ ስልኮች ላይ ሲሰካ ምንም ድምፅ አይሰጥም፤ ተጠቃሚውም አዳፕተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ቺፕ ያለው በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ስለሚሠራ፣ በእኔ አስተያየት ትንሽ ቢወደድም እሱን መግዛት ይሻላል።

በ2016 አንድ ቪዲዮ አይፎን 7 ውስጥ የተደበቀ መሰኪያ እንዳለና በመሰርሰሪያ ቢበሳ እንደሚገኝ አሳይቶ ነበር። ቀልድ ነበር። በ2017 አንድ መሐንዲስ በእርግጥ በዚያው ስልክ ውስጥ የሚሠራ መሰኪያ ገጥሟል፤ ሆኖም ለዚህ የአዳፕተሩን ቺፕ ወደ ውስጥ ማስገባትና በልዩ ሁኔታ የተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መጠቀም አስፈልጎታል።

«የብሉቱዝ ማዳመጫ ጨረር አንጎልን ይጎዳል» የሚለው ስጋት ቁጥሮቹ ሲታዩ ይለዝባል። የተለመደ የብሉቱዝ ማዳመጫ የሚያሠራጨው ኃይል በጥቂት ሚሊ ዋት የሚለካ ሲሆን፣ ጆሮ ላይ ተለጥፎ የሚያዝ ስልክ ራሱ ኔትወርክ ሲደክምበት እስከ 1 ወይም 2 ዋት ሊደርስ ይችላል። የሁለቱም ሞገድ አተሞችን እርስ በርስ ያያዘውን ትስስር የሚሰብር ጉልበት የለውም። ጆሮን በእርግጥ የሚጎዳው የድምፁ ጩኸት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። በዚህ ረገድ ባለ ገመዱና ገመድ አልባው አይለያዩም።

«መሰኪያው በመቅረቱ የጎደለ ነገር የለም» የሚሉትም ቢሆኑ ሁለት ነገር ይረሳሉ። ኤፍኤም ራዲዮ በሚቀበሉ ስልኮች ላይ የማዳመጫው ገመድ አንቴናም ስለሆነ፣ መሰኪያው ሲጠፋ ያለ ኢንተርኔት ራዲዮ መስማትም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ ባለ ገመዱ ማዳመጫ ገመዱ እስካልተቆረጠ ድረስ ዓመታት ሲያገለግል፣ ገመድ አልባው ትንንሽ የሊቲየም ባትሪ ስለያዘና ባትሪው ብዙ ጊዜ በሙጫ ተጣብቆ ስለሚታሸግ፣ ባትሪው ሲደክም ሙሉ ማዳመጫው ይጣላል።

መሰኪያው ጨርሶ ከገበያ ወጥቷል ማለትም አይቻልም። ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው ብዙ ስልኮች ላይ አሁንም አለ፤ ሶኒም በ2018 በኤክስፔሪያ ኤክስዜድ2 አስቀርቶት በ2020 በኤክስፔሪያ 1 ማርክ 2 ላይ፣ ስልኩ ውሃን እንደተቋቋመ፣ መልሶታል።