ዳግማዊ አባ ጅፋር፦ የጅማው ንጉሥና የጋብቻ ፖለቲካቸው

ዳግማዊ አባ ጅፋር (1861–1932 እ.ኤ.አ.) ከአምስቱ የጊቤ ኦሮሞ መንግሥታት አንዷ የነበረችውን ጅማን ከ1878 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የገዙ ንጉሥ ናቸው። ዛሬ ስማቸው ከታሪክ ተማሪ ይልቅ በኳስ አፍቃሪ አፍ ይበዛል፤ በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሣው የከተማዋ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ይባላልና።

አባታቸው ንጉሥ አባ ጎሞል፣ እናታቸው ገኔ (ንግሥት) ጉሚቲ ናቸው። ዙፋን ላይ ሲወጡ ገና አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ነበሩ፤ ቁመታቸው ግን ሁለት ሜትር ይደርስ ነበር ይባላል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ፊታቸውን ወደ ጊቤ ሲያዞሩ፣ ገብሮ መኖር እንደሚሻል የመከሩት እናትየው ናቸው። ልጅም ሰሙ። ጅማ ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን በራሷ እጅ አቆየች። ጎረቤቶቿ በጦርነት ሲፈርሱ እርሷ አልተነካችም። በእኔ ግምት ከዚያ ዘመን የጊቤ ውሳኔዎች ሁሉ አርቆ ያየው ይህ የአንዲት ሴት ምክር ነው።

ከምኒልክ በፊት የአካባቢው ነገሥታት ሰላም የሚገዙት ልጅ በመስጠትና በመቀበል ነበር። አባ ጅፋርም በዚሁ ወግ ሄደዋል። ከሚስቶቻቸው ገኔ ሊሚቲ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ልጅ ናቸው። ገኔ ሳቪቱም ከዚያው ከሊሙ የመጡ ናቸው፤ ገኔ ሚንጆ ደግሞ የካፋ ንጉሥ ልጅ። እስልምና ከቀዳማዊ አባ ጅፋር ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት ስለነበር ከአንድ በላይ ማግባት አላስነወረም። ሦስቱን ሴቶች ያገናኛቸው ግን ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን ካርታው ነው፤ ሊሙ በሰሜን፣ ካፋ በደቡብ ምዕራብ የጅማ ጎረቤቶች ናቸው።

ዝምድናው ግን ጦር አላቆመም። አባ ጅፋር ጎረቤቶቻቸው እንደ እርሳቸው እንዲገብሩ ደጋግመው መክረዋል፤ የሰማቸው ጥቂት ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. በኩሎ (በዛሬው ዳውሮ)፣ በ1894 በወላይታ፣ በ1897 በካፋ ላይ በተደረጉት ዘመቻዎች ከምኒልክ ጎን ቆሙ። በመጨረሻው ዘመቻ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው መንግሥታቸው አከተመ። የሚስታቸውን አገር ለማስገበር የዘመቱ አማች ሆኑ ማለት ነው።

የዚህ ቤተሰብ መኖሪያ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ይገኛል። ዋናው ሕንፃ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው፤ ዙሪያውን በረንዳ ይከበዋል፣ ከጎኑም መስጊድ አለ። ከኮረብታው በታች የነበረው የሂርማታ ገበያ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይለዋወጥበት ነበር፤ ባሪያም ይሸጥበት ነበርና የጅሬን ሀብት ሲወደስ ይህም አብሮ ሊነሣ ይገባል። የዛሬዋ ጅማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው።

አባ ጅፋር በስተርጅና ሲደክሙ ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር አባ ዱላ አዘነበለ። በ1932 ንጉሡ ሲያርፉ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጅማን በቀጥታ በሥሩ አደረገ፤ በእናትየው ምክር የተገኘው የውስጥ ነፃነትም በዚያው ዓመት አበቃ።