አደጋ አይቶ ማለፍ ያስጠይቃል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። መልሱ፦ አዎ፣ ሊያስጠይቅ ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ መርዳት እየቻሉ ሆን ብሎ ጥሎ መሄድን ወንጀል ያደርገዋል።

ብዙዎች የሚስቱት «እየቻሉ» የሚለውን ነው። እርዳታው እናንተንም ሌላ ሰውንም ለአደጋ የሚያጋልጥ መሆን የለበትም። ለምሳሌ በመንገዱ ላይ ባለው ሐረጎ ተራራ ጭጋግ ወርዷል፣ ከኋላ ሲኖትራክ ይመጣል። ሕጉ ኩርባው ላይ ቁሙ አይላችሁም። ግን ትንሽ አለፍ ብላችሁ፣ ደህና ቦታ ይዛችሁ ወደ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ መጥራት ትችላላችሁ። ተዘዋዋሪ እርዳታም እርዳታ ነው። እባካችሁ ይህችን አትናቋት!

የገጨው ሹፌር ራሱ ጥሎ ከሄደ ቅጣቱ ይከብዳል። «መቆም ያሰጋኝ ነበር» የሚለው ምክንያት ግን እንደየሁኔታው የሚመዘን ነው።