በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚያስለቅሱ ዜማዎች

ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ቃሊቲ፣ ከየካ አባዶ እስከ ጀሞ በተዘረጋው የአዲስ አበባ ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ መሬቱን ሲያርስ የኖረ የቱለማ ኦሮሞ ገበሬ፣ ለሥራ ከየክፍለ ሀገሩ የገባ ሰውና ሰፈሩ ፈርሶበት ከመሀል ከተማ የተነሣ ነዋሪ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ይህ ሕዝብ እንባውን የሚያወጣባቸው ዜማዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ሙሾ፣ የበገና መዝሙርና ትዝታ ዋነኞቹ ሲሆኑ፣ ሦስቱን የሚያገናኛቸው በቦታው የሌለን አካል፣ ሙትም ይሁን ፈጣሪ ወይም የራቀ ወዳጅ፣ በቀጥታ እየጠሩ ማናገራቸው ነው።

ሙሾ ለሟች የሚወርድ፣ ቤት የሚመታ ለቅሶ ነው። የሚያወርዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አልቃሿ ከሟቹ ዘመዶች አንዷ ልትሆን ትችላለች፤ በሙያዋ የታወቀች ከሆነች ግን ከሌላ ሰፈርም ተጠርታ ትመጣለች። ሥራዋን የምትጀምረው በመጠየቅ ነው፤ ሟቹ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ የት እንደነበር፣ ስንት ልጆች እንደተወ፣ ደግነቱ በምን እንደሚታወቅ ታጣራለች። ከዚያም የሰማችውን ሁሉ በሁለት በሁለት ስንኝ እያሰረች ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም «ወየው» እያለ ይቀበላታል፣ ደረቱን ይመታል። የሟቹን ፎቶግራፍ ወይም ልብስ ይዞ በድንኳኑ መሀል መዞርም የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ ያለ ጽሑፍ፣ በቆመችበት ቅጽበት የምታቀናብር ሴት ትልቅ ባለቅኔ ናት፤ ሙያዋ ግን እስከ ዛሬ በሚገባው መጠን አልተመዘገበላትም።

የሙሾ ኃይል ያለው በአነጋገሩ ላይ ነው። ግጥሙ ሟቹን «አንተ» እያለ ያናግረዋል፤ ለምን እንደዘገየ፣ ልጆቹን ለማን አደራ እንደሰጠ፣ የጀመረውን ቤት ማን እንዲጨርስለት እንዳሰበ ይጠይቀዋል። መልስ እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል፤ እንባውም የሚገነፍለው ብዙውን ጊዜ ይህ ጥያቄ በቀረበበት ስንኝ ላይ ነው። በዳርቻው ሰፈሮች ደግሞ ለዚህ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የእናቱን መርዶ በስልክ የሰማ፣ በርቀት ምክንያትም ለቀብሯ ያልደረሰ ሰው በእነዚህ ሰፈሮች ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሌላ ሰው እናት ስትጠራ ሲሰማ የራሱን ያለቅሳል። ሟቹን በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ለቀስተኛ ሲንሰቀሰቅ መታየቱም ከዚህ የመጣ ነው እንጂ የይሉኝታ ለቅሶ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ቦታ የሚሰጠው እድር ነው። የእድር አጀማመር አከራካሪ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አዲስ አበባ ውስጥ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ተስፋፋ የሚለው ነው፤ ከዚያ ይቀድማል የሚሉም አሉ። እድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፤ በጥሩምባ ነፊው አማካይነት አባላቱን ይጠራል፤ ላልቀረበም ቅጣት ይጥላል። ይህ ግዴታ ለዜማው መሠረት ነው፤ የሚቀበል ሕዝብ ከሌለ አልቃሿ ብቻዋን ሙሾ ልታወርድ አትችልምና። የኮንዶሚኒየም መንደሮች ሲሠሩ በየግቢው ለጋራ መገልገያ የሚሆን ሕንፃ መታሰቡ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ከተለያየ ሰፈር በዕጣ የተገናኙት ነዋሪዎችም አዲስ እድር አቋቁመው ልማዱን ቀጥለዋል።

የሃይማኖት አባቶች ሙሾን ከልክ ሲያልፍ ይገሥጻሉ፤ ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳታዝኑ ያለውን እየጠቀሱ ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ይከለክላሉ። ተግሣጹ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ሙሾው ራሱ ሰውን ከሐዘኑ የሚያወጣ መንገድ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ቤተ ክርስቲያን ለእንባ የራሷ ዜማ አላት። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፣ ማሕሌቱ የጾሙ የዜማ መጽሐፍ በሆነው በጾመ ድጓ ይቀጥላል፤ በየቤቱ ደግሞ በገና ይደረደራል። በገና 10 አውታር ያለው፣ አውታሩም ከበግ አንጀት የሚሠራ መሣሪያ ነው። ከእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባው እንዚራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ ድምፁን ወፍራምና ነዛሪ ታደርገዋለች፤ ደርዳሪውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ ንስሐ ያዜማል። እንጦጦ በዚህ ረገድ ልዩ ክብር ይገባታል። ታላቁ በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት በእንጦጦ ሲሆን፣ ሙያውን በ12 ዓመታቸው የተማሩት በጎረቤትነት ከሰፈሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። በኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ርቆ ነበር፤ ዛሬ ወጣቶች በብዛት የሚማሩት እንደ እርሳቸው ያሉ ሰዎች በዚያ ጊዜ ሙያውን ስላልጣሉት ነው። በበገና የሚለቀሰው ለቅሶ ጩኸት የለውም። አድማጩ የሚወቀሰው በራሱ ሕይወት ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ ያነባል።

ትዝታ የዜማም የቅኝትም ስም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ሲሆን፣ ከአምስቱ ድምፆቹ ሁለቱ በግማሽ ዝቅ ሲሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው መልኩ ይገኛል። አስናቀች ወርቁ፣ ካሳ ተሰማ፣ ጌታቸው ካሳ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ በዛወርቅ አስፋው እና አስቴር አወቀ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ተጫውተውታል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት የሸክላ አሳታሚ ድርጅትና በኋላ የተስፋፋው ካሴት ዜማውን ከመሀል ከተማ መሸታ ቤቶች አውጥተው ወደ ዳርቻው ቡና ቤቶችና ወደ ገበያ መኪኖች አደረሱት። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጁት ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ ስብስብም 10ኛው ቅጽ ለትዝታ፣ 11ኛው ለዓለሙ አጋ በገና ተሰጥተዋል።

እንባ ከዜማው ቅርጽም ይመነጫል። የእንግሊዝ የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ስሎቦዳ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ አድማጮች አስለቀሱን ካሏቸው የሙዚቃ ክፍሎች ብዙዎቹ ዜማው ከማረፊያው አጠገብ ባለ ድምፅ ላይ ጥቂት ቆይቶ የሚያርፍባቸው መሆናቸውን አመልክተዋል። ጥናቱ የምዕራባውያንን ሙዚቃ የሚመለከት ነው፤ ሆኖም ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በአውታሩ ላይ ሲያንሸራትት፣ ዘፋኝም በስንኙ መጨረሻ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል።

የወሎ ሰዎች በሰፈሩባቸው አካባቢዎች መንዙማ፣ በኦሮሞ ገበሬዎች ዘንድ ደግሞ ገረርሳ የተባለው የጀግንነትና የብሶት ዜማ ተመሳሳይ ኃይል አላቸው። ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ የሚዘፈነው መሸኛም እናትን ሳያስለቅስ አያልፍም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በሚገኘው ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ በአካባቢው በተተከሉት ድንኳኖችም ሟቾቹ በየስማቸው እየተጠሩ ተለቀሰላቸው። ዛሬ ዛሬ በለቅሶ ድንኳን የተቀዳ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ማሰማት እየተለመደ መጥቷል። የተቀዳው መዝሙር የሟቹን ስም ስለማይጠራ፣ የአልቃሿን ቦታ ሊተካ አይችልም።