ፓርቲሽን ቴብል ምንድን ነው? ሁለተኛ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጫን ቢበላሽስ?

ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ተጭኖ ሲያልቅ ዊንዶውስ አልነሣ ይላል። ወይም ዲ ድራይቭ ጠፍቶ በቦታው «ያልተመደበ» የሚል ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፋይሌ በሙሉ ጠፋ ብሎ ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ የባሰውን ያደርጋል፦ ዊንዶውስን እንደገና ይጭንበታል። የጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ሳይሆን ፓርቲሽን ቴብል የሚባለው ትንሽ መዝገብ ነው።

ፓርቲሽን ቴብል ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) ከየትኛው ሴክተር (ትንሿ የዲስኩ ማከማቻ ቁራጭ) እንደሚጀምር፣ እስከ የት እንደሚደርስና ዓይነቱ ምን እንደሆነ ይመዘግባል። የፋይል ስም አያውቅም፤ ፎቶው የት እንደተቀመጠም አያውቅም። ያንን የሚያውቀው በየፓርቲሽኑ ውስጥ ያለው ፋይል ሲስተም ነው፤ በዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ፣ በሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስት4። ስለዚህ 500 ጊጋባይት የሚይዝ ፓርቲሽን «ዲሊት» ሲባል የሚሰረዘው መዝገቡ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት።

አሮጌው የመዝገብ ዓይነት ኤምቢአር ይባላል። የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር 512 ባይት ነው፤ 446ቱ የማስነሻ ኮድ፣ 64ቱ ሰንጠረዡ፣ የቀሩት 2 ባይቶች ማረጋገጫ ናቸው። ለአንድ ፓርቲሽን 16 ባይት ስለሚያዝ ከአራት ዋና ፓርቲሽን በላይ አይገባም። የሴክተር ቁጥሩም 32 ቢት ስለሆነ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ መቁጠር አይችልም። አዲሱ ጂፒቲ በተለመደው አሠራሩ 128 ፓርቲሽን ይይዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለተኛ ቅጂውን በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ይህ ቅጂ በኋላ ይጠቅመናል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ስህተት ሲፈጠር መጀመሪያ መለየት ያለበት ምን እንደተነካ ነው። ማስነሻው ብቻ ነው? መዝገቡ ነው? ወይስ ፓርቲሽኑ ራሱ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ነገር ተጽፎበታል?

ቀላሉ የመጀመሪያው ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የቡት ሜኑውን ክፈቱ (እንደ አምራቹ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኤስኬፕ ሊሆን ይችላል)። «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚል መስመር ካለና ሲመረጥ ከሠራ፣ የተበላሸ ፓርቲሽን የለም። የሊኑክሱ ግሩብ (ሲነሣ የትኛው ሲስተም እንደሚከፈት የሚያስመርጠው ፕሮግራም) ዊንዶውስን በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባውም ማለት ብቻ ነው። በ2021 ከወጣው ከ2.06 ጀምሮ ግሩብ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልግለትን «ኦኤስ-ፕሮበር» ሳይታዘዝ አያስኬድም። በግሩብ የቅንብር ፋይል ውስጥ ፕሮበሩን የሚዘጋውን መስመር «ፎልስ» አድርጎ ግሩብን ማደስ ይበቃል። በዚህች ብቻ ዲስኩን በሙሉ ፎርማት ያደረገ ሰው ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው መዝገቡ ሲጠፋ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ሕግ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አለመጻፍ ነው። ዊንዶውስ «ዲስኩን ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቅ «ካንስል» በሉት። ኮምፒውተሩን ከሊኑክስ ላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ከፍላሹ በቀጥታ ከሚሠራ ሊኑክስ) አስነሡና የጠፉ ፓርቲሽኖችን የሚፈልገውን ቴስትዲስክ የተባለ መሣሪያ ክፈቱ። ዲስኩን በመጠኑ ለይታችሁ ምረጡ፤ ፍላሹን ከዲስኩ ጋር ማምታታት እዚህ የተለመደ ነው። የመዝገቡን ዓይነት ሲጠይቅ ለጂፒቲ «ኢኤፍአይ ጂፒቲ»፣ ለኤምቢአር «ኢንቴል» ይመረጣል። ቀጥሎ «አናላይዝ»፣ ከዚያ «ኩዊክ ሰርች»።

ቴስትዲስክ ፓርቲሽን የሚያገኘው መዝገቡን አንብቦ አይደለም። ዲስኩን እያሰሰ የፋይል ሲስተሞቹን መነሻ ምልክት ይፈልጋል። ኤንቲኤፍኤስ የቡት ሴክተሩን ቅጂ በፓርቲሽኑ መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር፣ የፊተኛው ቢበላሽ እንኳ በኋለኛው ሊገኝ ይችላል። የተገኘው መስመር ላይ ቆማችሁ «ፒ» የሚለውን ፊደል ስትጫኑ በውስጡ ያሉት ፋይሎች ይዘረዘራሉ። ይህች እርምጃ አትዘለል፤ የምታውቋቸው ፎልደሮች ከታዩ መስመሩ ትክክለኛ ነው፣ ካልታዩ ምናልባት ከዓመታት በፊት የነበረ ፓርቲሽን ትራፊ ነው። የሚፈለጉትን ብቻ ከ«ዲ» (የተሰረዘ) ወደ «ፒ» (ዋና) በቀስት ቀይሩ። የጎደለ ካለ «ዲፐር ሰርች» አስኪዱ፤ በትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ሁለት ፓርቲሽኖች ከተደራረቡ ፋይላቸው የሚነበበውን ያዙ። «ራይት» የምትሉት ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። አስፈላጊ ፋይል ካለ ግን ከ«ራይት» በፊት እዚያው ዝርዝሩ ላይ እያላችሁ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱት።

የጂፒቲው ሁለተኛ ቅጂ የሚያድነው ፊተኛው ብቻ ሲበላሽ ነው። ለምሳሌ የሊኑክሱ ምስል በፍላሽ ፋንታ በስህተት በዋናው ዲስክ ላይ ሲጻፍ። ያኔ ጂዲስክ በሚባለው መሣሪያ «አር»ን ተጭኖ ወደ ጥገናው ሜኑ መግባት፣ «ቢ» እና «ሲ»ን ተጠቅሞ ከቅጂው መመለስ፣ በ«ፒ» ዝርዝሩን ማየት፣ በ«ደብልዩ» መጻፍ ነው። ይህ መዝገቡን ይመልሳል እንጂ ምስሉ የተኛበትን የዲስኩን መጀመሪያ አይመልስም፤ ምስሉ 5 ጊጋባይት ከሆነ የፊተኛው 5 ጊጋባይት ሄዷል። «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለው ምርጫ ተመርጦ ከሆነ ደግሞ ቅጂውም አይረዳም፤ ጫኙ አዲሱን መዝገብ በሁለቱም ጫፍ ይጽፈዋል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፦ ፓርቲሽኑ ፎርማት ሆኖ። በድሮው ተሽከርካሪ ዲስክ ላይ አዲስ ያልተጻፈበት ቦታ አሮጌው ፋይል እንደተኛበት ይቆያል፤ ፎቶሬክ የመሰሉ መሣሪያዎች፣ ስሙን ባይሆንም ይዘቱን ይለቅማሉ። በኤስኤስዲ ግን ኤክስት4 ሲፈጠር ጫኙ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» የሚለውን የትሪም ትዕዛዝ በተለመደው አሠራር ለድራይቩ ይልካል። ድራይቩም ቦታውን ባዶ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የሚለቀም ነገር የለም፤ «እንመልሳለን» የሚል ሶፍትዌር መግዛትም ገንዘብ ማባከን ነው።

በመካከል የሚውል አንድ ስህተት አለ፤ እሱም የኢኤፍአይ ፓርቲሽንን መሰረዝ ወይም ፎርማት ማድረግ። ይህ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት የምትሆን፣ በፋት32 የተሠራች ትንሽ ክፍል ናት፤ ሁለቱም ሲስተሞች ማስነሻቸውን እዚህችው ያኖራሉ። ሊኑክስ ሲጫን ያለችውን «ተጠቀምባት» እንጂ «ፎርማት አድርጋት» አይባልም። ከጠፋች ዊንዶውሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ መነሻ ያጣል። መድኃኒቱ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ነው። ከፍላሹ አስነሥታችሁ ሺፍትና ኤፍ10ን አንድ ላይ ስትጫኑ ጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ይከፈታል። ትዕዛዞቹ እዚህ በድምፃቸው ተጻፉ እንጂ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው። «ዲስክፓርት» ብላችሁ ግቡ፣ ዲስኩን ምረጡ፣ ባዶው ቦታ ላይ በ«ክሪኤት ፓርቲሽን ኢኤፍአይ» 100 ሜጋባይት ፍጠሩ (ሴክተሩ 4 ኪሎባይት ለሆነ ዲስክ 260)፣ በፋት32 ፎርማት አድርጉ፣ «ኤስ» የሚል ፊደል ስጡት። ፎርማት ብቻ ተደርጋ ከሆነ መፍጠሩ ይቀራል፤ ፊደል መስጠት ይበቃል። ቀጥሎ «ሊስት ቮልዩም» በሉ። በዚህ መስኮት ሲ የነበረው ዲ ወይም ኢ ተብሎ ሊገኝ ስለሚችል ፊደሉን ከመጠኑ ለዩ። ከዲስክፓርት ወጥታችሁ «ቢሲዲቡት»ን የዊንዶውስ ፎልደሩን፣ የኤስን ፊደልና ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የኮምፒውተር አነሣስ ሥርዓት) መሆኑን ጠቅሳችሁ ስታስኬዱት ማስነሻውን መልሶ ይገነባል።

አራት ዋና ፓርቲሽን በሞላው ኤምቢአር ዲስክ ላይ አምስተኛ ለመፍጠር ስትሞክሩ ዊንዶውስ «ዲስኩን ወደ ዳይናሚክ ልቀይረው?» ይላል። እምቢ በሉት፤ የሊኑክስ ጫኞች ከዳይናሚክ ዲስክ ጋር አይስማሙም። ከአራቱ አንዱን አንሥታችሁ በቦታው «ኤክስቴንድድ» የሚባለውን ፍጠሩ፣ ሊኑክስ በውስጡ ባሉት ሎጂካል ክፍሎች ላይ ያለ ችግር ይነሣል።

ሌላው የስህተት ምንጭ የመጫኛው አነሣስ ነው። አንዱ ፍላሽ በቡት ሜኑ ላይ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ አንዱ ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» የሚል አለው። ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ ከተጫነ ሊኑክሱም በዚያው ይነሣ። የዊንዶውሱን ለማወቅ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር እዩ።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ፋስት ስታርታፕን ዝጉ፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ሲዘጋ ፓርቲሽኑን በከፊል አንቀላፍቶ ይተወዋል፣ ሊኑክስም እንዲጽፍበት አይፈቅድም። ሲ ድራይቭን ማሳነስ በዊንዶውሱ በራሱ «ዲስክ ማኔጅመንት» ይሠራ። 200 ጊጋባይት ባዶ እያለ 8 ብቻ አሳንሳለሁ ካለ፣ መሐል ላይ የተቀመጠ የማይንቀሳቀስ ፋይል አለ ማለት ነው፤ የሃይበርኔሽኑ ወይም የፔጅ ፋይሉ ሊሆን ይችላል። ለጊዜው አጥፍታችሁ፣ ኮምፒውተሩን ዳግም አስነሥታችሁ ሞክሩ። ቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፍበት) ካለ ለጊዜው አስቁሙትና ባለ 48 አሃዙን የማገገሚያ ቁልፍ ከኮምፒውተሩ ውጭ ጻፉት፤ ያለ ቁልፉ ቴስትዲስክ ፓርቲሽኑን ቢያገኘውም ፋይሉን ማንም አያነበውም።

መዝገቡን ራሱንም ማስቀመጥ ይቻላል። የጂዲስክ ዓይነት መሣሪያ የሆነው ኤስጂዲስክ በ«ባካፕ» ትዕዛዙ የጂፒቲውን መዝገብ ከ20 ኪሎባይት ባነሰ ፋይል ያወጣዋል። ፋይሉ በሌላ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ፤ እዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ ሲፈለግ አብሮ ይጠፋል።