ከፕላይውድ በቤት የሚሠራ ሎንግቦርድ

ሎንግቦርድ ረጅሙ የስኬትቦርድ፣ ማለትም ቆመው የሚነዱት ባለ ጎማ ሰሌዳ፣ ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ ከ90 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ደግሞ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አጭሩ ስኬትቦርድ ለመዝለልና ለመገለባበጥ ሲሠራ፣ ሎንግቦርድ ለመንገድ ነው፤ ራቅ ብሎ ለመሄድ፣ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ቁልቁለት ለመውረድ። ጎማዎቹ ትልልቅና ለስለስ ያሉ ስለሆኑ ሻካራ አስፋልት አያንገራግባቸውም። ከዚህ ሁሉ አንድ ሰው ቤቱ ሆኖ በእጁ ሊሠራው የሚገባው ሰሌዳውን ብቻ ነው። ጎማው፣ ኩሽኔታውና ጎማውን ተሸክሞ የሚታጠፈው ብረት፣ ማለትም ትራኩ፣ ተገዝተው ይገጠማሉ። የቦርዱ ጠባይ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በሰሌዳው ነው፤ ሰሌዳውን ደግሞ የሚወስነው የእንጨቱ ጭረት (ክሩ የሚሄድበት አቅጣጫ)፣ ኮላውና ጉብታው ነው።

በቤት መሥራት ከስፖርቱ እኩል ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ባሕሩ ጸጥ ሲልባቸው የሮለር ስኬት ጎማ ነቅለው በጣውላ ላይ ይመቱ ነበር። ፋብሪካዎች የገቡበት ከዚያ በኋላ ነው። የብረቱም ሆነ ተከትሎ የመጣው የሸክላ ጎማ ትንሽ ጠጠር ሲያገኝ ቀጥ ብሎ እየቆመ ሰው ስለሚጥል፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ጨዋታው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ነፍስ የዘራበት አሜሪካዊው ፍራንክ ናስወርዚ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለስኬትቦርድ ያዋለው፣ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ላስቲክ መሰል ፕላስቲክ የተሠራ ጎማ ነው። ዛሬ የሎንግቦርድ ጎማ ከ65 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ሆኖ የሚሠራው ከዚሁ ቁስ ነው።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከጋራዥ አሮጌ ኩሽኔታ ለምኖ፣ በጣውላ ላይ ገጥሞ፣ እየተንኳኳ ቁልቁለት መውረድ የሰፈር ልጆች ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ላፍቶ ላይ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የተገነባ የኮንክሪት የስኬት ሜዳ ተከፍቷል። ከጣውላና ከኩሽኔታ ጋሪ እስከ ሎንግቦርድ ያለው ርቀት ከሚመስለው ያጠረ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። አናጺዎቻችን ኮምፔርሳቶ የሚሉት ፕላይውድ ስስ የእንጨት ሉሆች በኮላ ተደራርበው የሚሠራ ነው፤ የአንዱ ሉህ ጭረት ወደ ርዝመት ሲሄድ የሚቀጥለው ወደ ጎን ይሄዳል። የሰው ክብደት ሰሌዳውን የሚያጎብጠው በርዝመቱ ስለሆነ፣ ሸክሙን የሚችሉት በርዝመት የሚሄዱት ሉሆች ናቸው። የጎን ሉሆቹ ሰሌዳው እንዳይሰነጠቅና እንዳይጠመዘዝ ይይዙታል እንጂ ለጥንካሬው የሚጨምሩት ጥቂት ነው። በፋብሪካ ከካናዳ ሜፕል የሚሠራ የተለመደ ባለ 7 ሉህ የስኬት ሰሌዳ 5ቱን በርዝመት፣ 2ቱን ብቻ በጎን ያደርጋል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የበርች ፕላይውድ ግን ከ9 ሉሆቹ 4ቱ የጎን ናቸው። ስለዚህ ከሱቅ የተገዛ ፕላይውድ ለዚያው ጥንካሬ ትንሽ ወፈር ማለት አለበት፤ የላይኛው ፊት ጭረትም ያለ ምንም ድርድር በቦርዱ ርዝመት መሄድ አለበት። ሉሁን ለመቆጠብ ሲሉ በጎን የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ከመሃል ቢሰበር የሚያስገርም አይሆንም።

በዓለም ዙሪያ የቤት ሠሪዎች የሚመርጡት ባልቲክ በርች የሚባለውን ነው። ሉሆቹ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ናቸው፤ ውስጡም ክፍተት የለበትም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሩሲያን እንጨት ስለከለከለ አሁን በአውሮፓ ገበያ የሚገኘው እንደ ፊንላንድና ላትቪያ ካሉ አገሮች የሚመጣው ነው። በርች ካልተገኘ ሌላ ጠንካራ ፕላይውድ ይሆናል፤ ብቻ ከመግዛት በፊት ጠርዙን ዞር ዞር ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በጠርዙ ላይ ጥቁር ቀዳዳ የሚታይበት ሉህ ውስጡም እንደዚያው ነው፤ ክፍተቱ ከትራኩ ብሎን ሥር ከዋለ አደጋ ነው። ችፑድ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ውፍረት ሲመረጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ የሰሌዳ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በውፍረቱ ኩብ ያድጋል እንጂ። ከ9 ወደ 12 ሚሊ ሜትር ማለፍ ግትርነቱን ከእጥፍ በላይ፣ 2.4 ጊዜ ያህል ያደርገዋል። በትራኮቹ መካከል ያለው ርቀትም እንዲሁ ነው፤ ከ60 ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ሲራዘም ሰሌዳው በዚያው ክብደት ሁለት እጥፍ ገደማ ይወርዳል። ልክን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሰሌዳውን ከመጨረስ በፊት ትራኩ በሚገባበት ቦታ ሥር ሁለት እንጨት አድርጎ መሃሉ ላይ መቆም ነው።

ከአንድ ወፍራም ሉህ ቆርጦ ጠፍጣፋ ቦርድ መሥራት ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ ያልቃል። እኔ ግን የምመክረው ሁለተኛውን መንገድ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ወይም አራት ሉሆችን በቅርጽ ላይ አጉብጦ ማጣበቅ። መሃሉ ጎበጥ ያለ ሰሌዳ ሰው ሲቆምበት ቀጥ ይላል፣ ሲነሳለት ይመለሳል፤ እንደ ምንጭ እየገፋ ከመታጠፊያ ያወጣል። ለአንድ ሜትር ቦርድ 2 ሴንቲ ሜትር ጉብታ ይበቃል። ሰሌዳው ከቅርጹ ሲወጣ ትንሽ ይዘረጋል። የሚዘረጋውም በግምት አንድ ለሉሆቹ ብዛት ስኩዌር ነው፤ ሁለት ሉህ የጉብታውን ሩብ ያጣል፣ ሦስት ሉህ አንድ ዘጠነኛውን ብቻ። ስለዚህ ብዙ ስስ ሉህ ከጥቂት ወፍራም ሉህ ይሻላል።

ቅርጹ ቀላል ነው። ወፍራም ጣውላ ላይ መሃል ላይ ከፍ የሚል፣ ወደ ጫፎቹ የሚወርድ የእንጨት ድጋፍ ይሠራል። ኮላው የሚገናኙት ፊቶች ሁለቱም ላይ ስስ ሆኖ፣ ሳይዘለል፣ ይቀባል። ከዚያ ሉሆቹ ተደራርበው በየ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትሩ በሞርሳ ይታሰራሉ። በሦስት ቦታ ብቻ መጫን በመካከሉ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ከወር በኋላ በሚሰማ ስንጥቅ ድምፅ ራሱን ይገልጻል። ሞርሳ ከሌለ የሲሚንቶ ከረጢት ወይም ብሎኬት ይሠራል። 24 ሰዓት ሳይሞላው አይፈታም፤ ከተፈታም በኋላ የኮላው ውኃ እንዲወጣ ጥቂት ቀናት ቢያርፍ ደግ ነው።

ብዙ የቤት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴ የቫኪዩም ከረጢት ነው። ሉሆቹ ከቅርጹ ጋር በከረጢት ውስጥ ገብተው አየሩ በእጅ ፓምፕ ሲወጣ፣ የውጪው አየር ሰሌዳውን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይጫነዋል። በባሕር ወለል ላይ አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ፣ 100 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ላይ የሚያርፈው ግፊት 2.5 ቶን ያህል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ግፊቱም ወደ 2 ቶን ይወርዳል። ለስስ ሉህ ይህም ቢሆን ይበቃል፤ ወፍራም ሉህ በከረጢት ለማጉበጥ ለሚያስብ ግን ደጋው አይመቸውም።

ሰሌዳው ከደረቀ በኋላ መሃሉን በርዝመት የሚከፍል መስመር ይሰመራል። ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ በዚህ መስመር ላይ ይመሠረታል። የቦርዱ ንድፍ በታጠፈ ወረቀት ላይ በግማሹ ተስሎ ሲቆረጥ ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሆናሉ። የትራኩ 8 ቀዳዳዎችም ከመስመሩ እኩል ርቀት ላይ ይበሳሉ፤ ትራኮቹ ጠመም ካሉ ቦርዱ ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ትራኮች ቀዳዳ በርዝመት 54፣ በስፋት 41 ሚሊ ሜትር ይራራቃል፤ የድሮው ርዝመት 64 ነው። የተገዛውን ትራክ ራሱን አስቀምጦ ምልክት ማድረግ ከቁጥሩ ሁሉ ይታመናል።

ጎማ ከሰሌዳ ጋር እንዳይነካካ መጠንቀቅ ግዴታ ነው። ሰው ሲያዘነብል ጎማው ሰሌዳውን ከነካ ወዲያው ይቆልፋል፣ ሰውየውም ይወረወራል። መፍትሔው በትራኩና በሰሌዳው መካከል 6 ሚሊ ሜትር ድጋፍ ማስገባት ወይም ከጎማው በላይ ያለውን ጠርዝ ቆርጦ ማውጣት ነው።

ጠርዙ በሞረድ ይከበባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ዱቄቱ ለሳንባ ስለማይበጅ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። ውኃ የሚጠጣው የሉሆቹ ጠርዝ ስለሆነ ቫርኒሹ እዚያ ደጋግሞ መቀባት አለበት፤ የብሎን ቀዳዳዎቹም ውስጣቸው ይቀባ። ለላይኛው ፊት የሚሸጠው ሻካራ ተለጣፊ ከሌለ፣ እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ንጹሕ ደቃቅ አሸዋ መነስነስ እግር ይይዛል። የመጀመሪያው መንዳት ራስ ቁር አድርጎ፣ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ ይሁን፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ዳዶዎቹን በቁልፍ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አዲስ እንጨት ከብሎኑ ሥር ትንሽ ይጨመቃልና።